የሰባተኛው ምሰሶ ሻርኮች

ጥቅምት 4 ቀን

ወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ስልክ ከመደወል ወደ ሱቅህ መጻፍ ይሻላል ያልከው ልክ ነው። እማዬ ስልኩን ለጎረቤት ሁሉ ከፍታ ነው የምታወራው፤ ለእሷ ደግሞ ሻርክ የሚለው ቃል ራሱ እንቅልፍ ይነሳታል።

በሬዲዮ የሰማኸው እውነት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ ወደቡ ውስጥ ሻርክ አንድ ጠላቂ ነክሷል። ጠላቂው በሕይወት አለ። ክንዱ ተቆረጠ ያሉት ግን ውሸት ነው፤ የሄዱት የቀኝ እጁ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ናቸው። ቁስሉ ተሰፍቶ እየዳነ ነው፤ የሐኪሞቹ እጅ ይባረክ።

ደም አሽትቶ ከሩቅ መጥቶ ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አይደለም። አንድ ጠብታ ደም ከባሕር ማዶ ያሸታል የሚባለው ወሬ ነው። ሽታ ራሱ ውኃው ተሸክሞ ካላመጣለት ሻርክ ምንም አያውቅም። እርግጥ አፍንጫው ብርቱ ነው። ሽታው በየትኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ቀድሞ እንደገባ ለይቶ ወደዚያ ይታጠፋል። ከሩቅ የሚቀድመው ግን ጆሮው ነው፤ የሚንፈራገጥ ዓሣ የሚያሰማውን ወፍራም ድምፅ ከየትም ይለየዋል። ቀረብ ሲል ደግሞ ከጎኑ ከራስ እስከ ጅራት በተዘረጋ መስመር የውኃውን መናወጥ በቆዳው ይሰማዋል። ዓይኑም በድንግዝግዝ ከእኔና ከአንተ አብልጦ ያያል።

የመጨረሻዋን ክንድ ያህል ርቀት የሚመራው ግን ሌላ ነገር ነው። አፍንጫው ዙሪያና አገጩ ሥር እንደ ነቁጥ የሚታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጣቸው በዝልግልግ ነገር የተሞላ። በእነሱ ኤሌክትሪክ ይሰማዋል። አሸዋ ውስጥ የተቀበረች ዓሣ ልቧ ሲመታ የምትለቀውን እንኳን አይስተውም። ሊነክስ ሲል ብዙው ሻርክ ዓይኑን ይሸፍናል፤ በዚያች ቅጽበት የሚያምነው ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። በአራት ወር ውስጥ ሻርክ እዚህ ወደብ ሦስት ጊዜ ነክሷል። መጀመሪያ የጀልባ ሞተር መዘውር፣ ቀጥሎ ሰንሰለት፣ አሁን ጠላቂው። ሦስቱም በድሮው የመርከብ ማራገፊያ፣ ከሰባተኛው የብረት ምሰሶ አጠገብ ናቸው። ብረት የሚበላ ሻርክ የለም። ከዚያ ምሰሶ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል ብዬ ለወደቡ ሰዎች ነገርኳቸው። የወደቡ ኤሌክትሪሻን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ይዞ መጣ፣ ሽቦዎቹን ውኃ ውስጥ ነከረ፣ ምንም የለም ብሎ ፈረመ።

የወደቡ ኃላፊ ደግሞ ትዕዛዝ አውጥቷል። ኅዳር 15 ቀን ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ይዘው ወጥተው በባሕረ ሰላጤው ያለውን ሻርክ በሙሉ ይገድላሉ። ስድስት ዓመት አንድ በአንድ የተከታተልኳቸውን፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ የማውቃቸውን። እኔ አልተሳሳትኩም ወንድምዓለም፤ ያላየሁት ነገር ግን አለ። አንተ ሃያ ዓመት ሽቦ ስትጎትት የኖርክ ሰው ነህ፤ ምን አመለጠኝ?

የጽሕፈቱ ነገር እንዳይገርምህ። እጄ ሥራ ስለያዘ እኔ ስናገር የሚጽፈው የምርምር ጣቢያችን ጀልባ ነጂ ነው። ድንቡሼ እንለዋለን።

እህትህ

ከጸሐፊው፦ በደንብ ትበላለች፤ ትናንትም ስቃለች። እናንተ አትጨነቁ። ድንቡሼ የተባልኩት ግን ያለ ፈቃዴ ነው።


ጥቅምት 12 ቀን

ሚጢጢ፣

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም የሚያማት ደረጃ መውጣት ስትጠየቅ ብቻ ነው። እኔም ደህና ነኝ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ አንድ የተበታተነ የውኃ ፓምፕ ከፊቴ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነገ ና ብዬ መልሼዋለሁ።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር፤ ወደ ሌላው በኋላ እመጣለሁ።

የሰውየው ቴስተር ማዞሪያው የት ላይ ነበር? ይህን ሳትጠይቂ ሌላ ምንም አትጠይቂ። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የባትሪው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ቴስተሩ ለግድግዳው ተዘጋጅቶ ከሆነ የባትሪውን ዓይነት አያይም። የመብራት መስመር ሲያይ የሚውል ሰው ከልማድ የተነሳ ማዞሪያውን እዚያው ይተወዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ አለቃዬ ጆሮዬን ነው የጠመዘዘኝ።

ብረት ምሰሶ ባሕር ውስጥ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይበላል። ነዳጅ ዴፖ ስሠራ መሬት ውስጥ ለተቀበሩት ታንከሮች ዝገት መከላከያ ነበረን። አንድ ሳጥን የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ዓይነት ይለውጥና በዘንግ በኩል ወደ መሬቱ ይለቃል፤ ከዚያ ወደ ብረቱ ሲገባ ብረቱ አይዝግም። ለወደብም ያው ነው፣ ዘንጉ ውኃ ውስጥ ከመሆኑ በቀር። ግራጫ ሳጥን ፈልጊ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቀስ ብሎ የሚያጉረመርም። ከሳጥኑ ወደ ዘንጎቹ የሚሄደው ገመድ ሰባተኛው ምሰሶ ጋ ልባሱ ተፍቆ ከሆነ፣ ለማራገፊያው ሁሉ መዳረስ የነበረበት ኤሌክትሪክ እዚያች አንድ ቦታ ላይ ይፈስሳል። ሻርኮችሽ ያልተሳሳቱ ይመስለኛል። አንቺም።

አሁን ወደ ሌላው። ስለተነከሰው ጠላቂ ስትጽፊልኝ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሚስት ይኑረው አይኑረው አንድ ቃል አልጻፍሽም። አንቺ የአውቶብስ ረዳቱን እንኳን የሕይወት ታሪኩን ሳትጠይቂ የማትወርጂ ሰው ነሽ። እጅሽን ደግሞ ሥራ ይዞታል። ጀልባ ነጂውም በደንብ እንደምትበይና እንደምትስቂ ያስረዳኛል። ለጤነኛ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።

እነዚያ ጣቶች የማን ናቸው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ወንድምዓለም፣

የእኔ ናቸው።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ይህችን ገጽ ለመሙላት ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጅቶብኛል። ይቅር በለኝ። ጠላቂው እያልኩ እንደ ሌላ ሰው ስጽፍ ለራሴም ቀለል ይለኝ ነበር፤ እሱ ተነከሰ፣ እሱ ተሰፋ፣ እሱ ይድናል። እኔ ደግሞ ስለ እሱ አዝናለሁ።

እንዴት ሆነ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም፤ በአጭሩ እንዲህ ነው። ምሰሶው ላይ ያሰርነውን የድምፅ መቅጃ ልፈታ ወረድኩ። ዘንቦ ስለነበር ውኃው ደፍርሶ የራሴን ክርን አላይም። በቀኝ እጄ ምሰሶውን ይዤ በግራዬ ቋጠሮውን ስፈታ ውኃው ከጎኔ ገፋ አደረገኝ። ዞር ስል ሻርኳ ደርሳለች። ዓይኗ ተሸፍኗል። የመጣችው ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ ብረቱ ነበር፤ መሐል ላይ የእኔ እጅ ነበረ። ወዲያው ለቀቀችኝ። ሥጋ ፈልጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልህ እኔ አልሆንም ነበር። ድንቡሼ በአንገትጌዬ ጎትቶ ጀልባ ላይ ጣለኝ፤ እስከ ሆስፒታል ድረስ እሱ ነበር የሚያለቅሰው።

ኤሌክትሪሻኑን ጠየቅኩት። ማዞሪያው አንተ እንዳልከው ለግድግዳው ኤሌክትሪክ እንደተዘጋጀ ነበር። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ ግን አንዴ ፈርሜያለሁ ብሎ ሄደ። ሳጥኑንም አገኘሁት። ከድሮው ማራገፊያ ጀርባ፣ አሮጌ ገመድ የሚጣልበት መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ ያጉረመርማል። በሩ ላይ ማንም እንዳይነካ ተብሎ ተጽፏል።

የወደቡ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ እጄን አየ፣ ከዚያም ሐኪም ሳይፈቅድልኝ ወደብ ውስጥ እንዳልታይ አዘዘ። የተነከስኩት እኔ ሆኜ ስከራከርላቸው አእምሮዬም የተነካ ይመስላቸዋል። አልተነካም። ወንድምዓለም፣ በሕይወቴ እንደዚህ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለም።

አሁን የምፈልገው ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ልኬት ነው። እንዴት ልለካ?

ለእማዬ እንዳትነግራት። እለምንሃለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 27 ቀን

ሚጢጢዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። የፓምፑ ባለቤት መጣ፤ ዛሬም ነገ ና አልኩት፣ ፊቴን አይቶ ሄደ።

የለመንሽኝን አልፈጸምኩም። ደብዳቤውን የሥራ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ረስቼው ቤት ገባሁ፤ ቱታዬን የምታጥበው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ታጥቤ ስመለስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቷል። እንዳነበበችው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ጣት ነው የሄደው፤ ልጄ አለች። ለእኔ መዋሸትን ግን ማን አስተማራት?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሱቅ ድረስ ጻፊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝና። አላልኩም። ራት አቀረበች፣ በላን። ሳህኖቹን ስታጥብ ቆይታ፣ ይሄ የኤሌክትሪክ ነገር የገባህ ከሆነ ምን ተቀምጠህ ታያለህ አለችኝ። ያን ያህል ነው የተናገረችው። በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ።

በአውቶብስ የላክሁት ሣጥን ውስጥ ሁለት አጫጭር ዘንጎች፣ ስልሳ ሜትር ሽቦና የእኔ ቴስተር አሉ። ዘንጎቹ ከአንድ የማይዝግ ብረት የተቆረጡ ናቸው። የተለያየ ብረት ጨው ውኃ ውስጥ ብትነክሪ ራሳቸው ባትሪ ይሆኑና ያታልሉሻል፤ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ባልዲ የባሕር ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከዚያ አንዱን ከማራገፊያው ራቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ሌላውን በየምሰሶው አጠገብ አውርጂ። ከአንደኛው ጀምሪ፤ ወደ ሰባተኛው አትሩጪ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለኪ። ውኃ ውስጥ አትግቢ፤ ሁሉም ከጀልባ ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ኤሌክትሪሻኑን አታሳፍሪው። ቴስተሩን እሱ ይያዝ፣ ቁጥሩንም እሱ ያንብብ። ሰው በገዛ እጁ ያገኘውን ነገር አይክድም።

ሌላም የምለው አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ። ለመጨረሻ ጊዜ መጥተሽ ስትመለሺ፣ መናኸሪያው ላይ፣ ዓሣ ለመቁጠር ቤተሰብ ጥለሽ ትሄጃለሽ ብዬሽ ነበር። መስኮቱን ዘግተሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞርሽ። ያን ቃል መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል። ምን እንደምትሠሪ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኩሽምም።

ወንድምሽ


ኅዳር 8 ቀን

ወንድምዓለም፣

መናኸሪያ ላይ ያልከኝን ረስቼዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። አሁን ግን ተውኩት፤ አንተም ተወው።

ሳጥንህ በደህና ደረሰ። ልኬቱ የት ደረሰ ብለህ በአውቶብስ ሾፌሩ በኩል ለጠየቅከኝ፣ ይኸው ልንገርህ።

ኤሌክትሪሻኑ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ወንድሜ የላከልኝ መሣሪያ አለ፣ እኔ በአንድ እጄ አልችልበትም፣ ትረዳኛለህ ወይ አልኩት። ዘንጎቹን አገላብጦ አየ። ይህን የሠራው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው አለ፤ ጫማውንም አደረገ። ኃላፊው ከልክሎኛል፤ ድንቡሼ ግን የተከለከለው ወደብ መግባት ነው እንጂ በባሕር በኩል መቅረብ አይደለም ብሎ ተፈላሰፈና ሦስታችንም በጀልባ ሄድን።

ባልዲው ውስጥ ዜሮ አካባቢ። ከአንደኛው ምሰሶ እስከ አምስተኛው ጥቂት ሚሊቮልት፣ ተመሳሳይ። ስድስተኛው ላይ ከፍ አለ። ሰባተኛው ላይ ኤሌክትሪሻኑ ቁጥሩን አንብቦ ዘንጉን አወጣ፣ ጠረገው፣ መልሶ ነከረው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ። ለሰው ምንም አይደለም፤ ጣቱን ቢነክርበት አይሰማውም። ለሻርክ ግን ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንደሚደወል ደወል ነው።

ወደ ኃላፊው ቢሮ የገባው እኔ ሳልሆን እሱ ነው። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። በሩ ገርበብ ስላለ፣ የመጀመሪያው ልኬቴ ስህተት ነበር፣ ፊርማዬን እስባለሁ ሲል ሰማሁት። ይህን ለማለት ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ድፍረት ያስፈለገው።

ኃላፊው ጠራኝ። ግራጫው ሳጥን ለጥቂት ቀን ይጥፋና ሻርኮቹ ምን እንደሚያደርጉ እንይ አልኩት፤ ከጠፋ ማራገፊያው ይዝጋል ብሎ ፈራ። ዝገት የዓመታት ሥራ ነው፣ በጥቂት ቀን አንድ ጥፍር ያህል አይበላም አልኩት፤ አንተ የነገርከኝ አስመስዬ። ወረቀቱን ሲያይ ቆየና፣ «አራት ቀን፤ ከዚያ በላይ አልሰጥም» አለኝ።

ከአደጋው ወዲህ ድንቡሼ ምሰሶው ላይ ካሜራ አስሮ ነበር። ሳጥኑ ሲሠራ በነበረባቸው የመጨረሻ አራት ቀናት ሻርኮች ሠላሳ አንድ ጊዜ ምሰሶው ድረስ መጥተዋል፤ ዘጠኝ ጊዜ ብረቱን ነክሰዋል። በጠፋባቸው አራት ቀናት ሁለት አለፉ፤ የነከሰ የለም። ዛሬ ጠዋት ኤሌክትሪሻኑ መልሶ አበራው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንዱ መጥቶ አፍንጫውን ምሰሶው ላይ ያሽ ጀመር። ኃላፊው ምስሉን ደጋግሞ አስከፈተ። 

ትዕዛዙ ገና አልተሻረም። አጥማጆቹ መንጠቆአቸውን ስለው ጨርሰዋል፤ ጀልባዎቹም ተዘጋጅተዋል። የሚወስነው የወደቡ ቦርድ ኅዳር 13 ይሰበሰባል። እኔ እንደሆንኩ ተኝቼ ነው የማድረው። የምናገረውን አውቃለሁ።

እማዬን ይቅር በይኝ ብላለች በልልኝ። አይ፣ ተወው። እኔው እጽፍላታለሁ።

እህትህ


ኅዳር 16 ቀን

ሚጢጢ፣

ቦርዱ ምን ወሰነ? ከአንቺ እስካሁን ምንም የለም፤ በሬዲዮም ምንም አልተባለም። ትናንት ኅዳር 15 ነበር። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮውን አልዘጋችውም፤ ሰዎቹ መንጠቆ ይዘው ወጥተው እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ስለ ሻርክ ስትጨነቅ ማየት እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ።

ደብዳቤሽ ደርሷታል። ምን እንደጻፍሽላት አላሳየችኝም፤ አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ አደረገችው። የፓምፑን ባለቤት ግን ልጄ ሻርክ ነክሷት በሕይወት ተርፋለች ብላ ነግራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው ፓምፑን አያነሳብኝም፣ የሚመጣው ወሬ ለመስማት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እማዬም ከእኔ ጀርባ ቆማ እያየች ስለሆነ የሁለታችንም ነው። ተመልሰሽ ትወርጃለሽ? አትውረጂ አንልሽም። ይህን ተነጋግረንበታል። ከሌላ ሰው ከምንሰማው ግን ከአንቺ እንስማው።

ወንድምሽ

(እዚህ ታች ያሉትን አራት መስመሮች የጻፈችው እማዬ ናት። ወረቀቱን በእጇ ከልላ ስለጻፈች ምን እንደሚሉ አላውቅም።)


ታኅሣሥ 3 ቀን

ወንድምዓለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ቀኝ እጄን ማሠራት ጀምሬያለሁ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። መስመሩ ቢጣመም ታገሰው። እማዬ የጻፈችልኝን ግን አልነግርህም፤ በሁለታችን መካከል ነው።

ትዕዛዙ ተሽሯል። ቦርዱ ፊት የተናገርኩት አሥር ደቂቃ እንኳን አይሞላም። የአጥማጆቹ ሽማግሌ ተነስተው እጄን አሳዪኝ አሉኝ፤ ፋሻውን ፈትቼ አሳየኋቸው። «እንዲህ አድርጓት ካልፈራችው፣ እኛ ምን አድርጎን ነው የምንገድለው?» ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከረም።

ሳጥኑ ጠፍቶ የወደቡ ጠላቂዎች ገመዱን አወጡት። ሰባተኛው ምሰሶ ላይ ሲታሽ ኖሮ አንድ ክንድ ያህል ልባሱ አልቆ ነበር። አዲሱ ገመድ አሁን በቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ኤሌክትሪሻኑ በየሳምንቱ በአንተ ዘንጎች ይለካል፤ እንዲመልስልህ ብጠይቀው ያልሰማ መስሎ አለፈኝ። የሚመለሱልህ አይመስለኝም።

አሁን ጥያቄያችሁን ልመልስ። ትናንት ወረድኩ።

ሐኪሙ ፈቅዷል። ድንቡሼ አልፈቀደም፤ የአየር ሲሊንደሩን ሲያሸክመኝም እያጉተመተመ ነበር። ውኃው ጥርት ያለ ነበር፤ ምሰሶዎቹ እስከ ሥራቸው ይታያሉ። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ። አካባቢው ላይ ሻርክ ካለ አሁን የእኔንም ልብ እየሰማው ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ፤ አፌ ውስጥ የአየር ቱቦ ስላለ እንጂ እስቅ ነበር። እጄን ምሰሶው ላይ አስቀመጥኩ፤ ያንኑ እጅ፣ ያለ ጓንት። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። በላዩ የተጣበቀው የባሕር ዛጎል ይሻክራል።

ከግራ በኩል አንድ ሻርክ መጣ። ወጣት ነው፣ ከእኔ ቁመት ብዙም አይበልጥም። ክንድ ያህል ሲቀረው አፍንጫውን ወደ እኔ ሰበቅ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ማንነቴን ሲያጣራ ይሰማኛል፤ ጨው፣ ላስቲክ፣ ልብ። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከዚያ ጅራቱን አንዴ መታና በምሰሶዎቹ መካከል ሄደ። የገፋው ውኃ ፊቴን ዳሰሰኝ።

ስወጣ ድንቡሼ እጁን ሰጥቶ ሳበኝና፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረ። ስምንት አሉ አለኝ። ስምንት ነበሩ አልኩት። ቴርሞሱን ከፍቶ ትኩስ ሻይ ቀዳልኝ፤ እዚያው ጀልባው ጠርዝ ላይ እርጥብ ልብሴን ሳላወልቅ ጠጣሁት።

ሐሙስ ደግሞ እወርዳለሁ።

እህትህ